ብቻዎን ከመንገድ ሲወጡ፦ ጥቂትና የማይከዱ መሣሪያዎችን እንዴት ይመርጣሉ?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ማንም ሰው ኮምፓስ አያስፈልገውም። መንገዱ ራሱ ይመራል፤ የሚጠየቅ ሰውም አይታጣም። ነገሩ የሚለወጠው ከመንገዱ ሲወጡ ነው። በአንድ ወገን አገሩ በገደል እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በሌላው ወገን ከ4000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጮቄ ተራራ ይወጣል፤ ከዚያው ተራራ የሚነሡት እነሱሃና ሙጋ ደጋውን ሰንጥቀው ዓባይ ይገባሉ። በዚህ አገር ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብዙ ነው፤ ቆላ ቀበሌ የተመደበ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ፣ መሬት የሚለካ ቀያሽ፣ ለጥናት የወጣ ተማሪ፣ ዘመድ ጥየቃ የሚወርድ የከተማ ሰው። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱ ነው። አቅጣጫ የሚያሳዩና በችግር ጊዜ ለሰው የሚያደርሱ መሣሪያዎችን እንዴት እንደሚመርጡ፣ እንዴት እንደሚያዘጋጁና ምን ያህል እንደሚያምኗቸው በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ጽሑፉ የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው። ሁለት ሰው ሲጓዝ የአንዱ ስልክ ቢሞት የሌላው አለ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ስህተቱን የሚያርምለት የለም። ስለዚህ መሣሪያ ሲመርጥ መጠየቅ ያለበት «ስንት ነገር ይሠራል?» ብሎ አይደለም፤ «ይህ ቢሞት ምን ይቀርልኛል?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጡት ጥቂትና ቀላል ዕቃዎች ናቸው። እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ኃይል ሲሠራና ከኋላው ምንም ኃይል የማይፈልግ ምትክ ሲኖረው ብቸኛው መንገደኛ የተሟላ ስንቅ ይዟል ማለት ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ከማንም በላይ የፈተኑት ብቻቸውን ውቅያኖስ የሚያቋርጡ መርከበኞች ናቸው። እንግሊዛዊው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 ዓለምን በትንሽ የሸራ ጀልባ፣ የትም ሳያርፍ፣ በ312 ቀን ዞረ። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባል ነገር በዘመኑ አልነበረም፤ የያዘውም ሬዲዮ መንገድ ላይ ተበላሸና ወራት ሙሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። እርሱ ግን የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በሚለካ መሣሪያና በሰዓት እየተመራ ወደ ተነሣበት ወደብ ተመለሰ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በዚያው የጥንት ዘዴ በተደረገ ውድድር ላይ ሕንዳዊው አብሂላሽ ቶሚ በሕንድ ውቅያኖስ ደቡብ የጀልባው ምሰሶ ተሰብሮ፣ ጀርባውም ተጎድቶ መነሣት አቃተው። ችግሩን የተናገረው አጭር የጽሑፍ መልእክት በምትልክ ትንሽ የሳተላይት መሣሪያ ነበር፤ በሦስት ቀን ውስጥ የፈረንሳይ መርከብ ደረሰችለት። ሁለቱ ታሪኮች አብረው ሲታዩ ትምህርቱ ይሟላል። መንገድ ለማግኘት ኃይል የማይፈልግ ዕውቀት ይበቃል፤ ለመዳን ግን ከተኙበት ሆነው ቃል የሚያደርሱበት ነገር ያስፈልጋል። የእኛ ቆላ ውቅያኖስ ባይሆንም ብቸኝነቱ ግን አንድ ነው፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ሸለቆ ውስጥ ቢተኛ የሚያልፍ ሰው እስኪመጣ መጠበቁ አይቀርም።

1. ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት ሥራውን ይለዩ

ወረቀት ይያዙና አምስት ጥያቄ ይጻፉ። የት ነኝ? ወደየት ልሂድ? ቢመሽብኝ በምን አያለሁ? ብጎዳ ድምፄን ማን ይሰማል? ብዘገይ ማን ይጨነቃል? ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት አሁን በእጅዎ ያለውን ዕቃ ይጻፉ። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያደርግ አምስቱም ላይ «ስልኬ» ብሎ ይጽፋል፤ ካርታው ስልኩ፣ ኮምፓሱ ስልኩ፣ መብራቱ ስልኩ፣ መደወያው ስልኩ፣ የሚደውልላቸው ሰዎች ቁጥርም ያለው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ ድንጋይ ላይ ወድቆ ቢሰበር የጠፋው አንድ ዕቃ ሳይሆን አምስት ነው። «ዘመናዊ ስልክ ሁሉን ስለሚሠራ ሌላ መሸከም ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ወረቀት ነው። ሁሉን መሥራቱ በደህናው ቀን ጥቅም ሲሆን በክፉው ቀን ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ የምርጫው ዓላማ በወረቀቱ ላይ አንድ ዕቃ ከሁለት ጥያቄ በላይ ብቻውን እንዳይሸከም ማድረግ ነው።

2. ስማርት ስልኩን ካርታ ያድርጉት

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ እውነት አለ፤ የስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ስልኩ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ብቻ ይቀበላል፤ ቢያንስ አራት ሳተላይት ካየ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ሰማዩ ክፍት ከሆነ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሜትር ገደማ አያልፍም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው። ካርታውን ቀድመው ከጫኑት ግን ምንም አይጎድልብዎትም። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስም-አንድ የሚባሉት መተግበሪያዎች ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ ከተማ ሳሉ የኢትዮጵያን ካርታ አንድ ጊዜ ያወርዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው የዚህ ዝግጅት ጥቅም ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

ካርታውን ከጫኑ በኋላ ሦስት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ የሚነሡበትን፣ የሚደርሱበትንና በመካከል የሚያድሩበትን ወይም ውሃ የሚያገኙበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ ስማቸውንም በአማርኛ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ሲነሡ ክፍት ሜዳ ላይ ቆመው ስልኩ ቦታዎን እስኪያገኝ ይጠብቁ። ኔትወርክ በሌለበት ይህ ከወትሮው ሊዘገይ ይችላል፤ ሸለቆ ውስጥ ገብተው ከሚጀምሩት ግን ገደሉ ሰማዩን ስለሚጋርድና ምልክቱም ከዐለት ላይ እየነጠረ ስለሚያሳስት ይብስ ይዘገያል። ሦስተኛ፣ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ ያድርጉት። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልክ ባትሪውን የሚጨርሰው ማማ ሲፈልግ ነው፤ በፍላይት ሞድ ግን ጂ.ፒ.ኤስ.ና ካርታው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። በየመታጠፊያው አንድ ጊዜ ከፍተው አይተው ቢዘጉት፣ በአንድ ቀን ያልቅ የነበረው ባትሪ ለብዙ ቀን ይበቃል።

የቦታ ቁጥር አጻጻፍ ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። የቢቸና ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ሰሜን ነው። ይኸው ቦታ በነጥብ ሲጻፍ 10.45 ዲግሪ ይሆናል። በስልክ «ዐሥር ነጥብ አርባ አምስት» ብለው የነገሩት ሰው «10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ» ብሎ ቢጽፈው፣ የ18 ደቂቃ ልዩነት፣ ማለትም 33 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይሳሳታል። አምቡላንስ የሚጠብቅ ሰው ይህን ስህተት አይችለውም። ስለዚህ ቦታዎን ለሰው ሲናገሩ የቀበሌውን፣ የጎጡን ወይም የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን ስም ያስቀድሙ፤ ቁጥሩን ከዚያ አስከትለው፣ በዲግሪና ደቂቃ ይሁን በነጥብ፣ አጻጻፉን ለይተው ይንገሩ። ከካርታ ሥራ ኤጀንሲ የተገኘ የቆየ የ1፡50,000 ወረቀት ካርታ ካለዎት ደግሞ ይህን ይወቁ፤ እነዚህ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ጂ.ፒ.ኤስ. ደግሞ በሌላ። ቅንብሩን ሳያስተካክሉ የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ ቢያስቀምጡ ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል። ሜዳ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን ከላይ በመሆንና ከታች በመሆን መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መሥሪያ ቤትዎ የእጅ ጂ.ፒ.ኤስ. ካለው ይውሰዱት፤ ከስልክ ይልቅ ለመንገድ ተሠርቷል። ለምሳሌ ጋርሚን ኢትሬክስ 10 በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል፤ ድንጋዩም ከገጠር ሱቅ ሳይቀር ይገኛል። ነገር ግን ያለ ደብዳቤ አይያዙት። በፍተሻ ጣቢያ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሆነ የማያውቀውን መሣሪያ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያና መሣሪያውን ለምን ሥራ እንደያዙት የሚገልጽ ማኅተም ያለው ወረቀት ከመሣሪያው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ።

3. ለመደወል ቀላል ስልክ ይለዩ

ሁለተኛው ዕቃ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። ዋጋው ከስማርት ስልክ ጋር አይወዳደርም፤ ተዘግቶ ቢቀመጥ ባትሪው ሳምንታት ይቆያል፤ ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም። ዋና ሲምዎን እዚህ ውስጥ ያስገቡትና ዘግተው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከስማርት ስልኩ በተለየ ኪስ ያኑሩት። አብረው ከተቀመጡ አብረው ይረጥባሉ። አስፈላጊ ቁጥሮችን ስልኩ ላይም ወረቀት ላይም ይጻፉ፤ የሚጠብቅዎትን ሰው፣ የሚሄዱበትን ቀበሌ አስተዳደር ወይም ጤና ኬላ፣ የወረዳውን ጤና ጣቢያ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የአካባቢው ሰው ቁጥር ነው፤ አምቡላንስ መኪና መንገድ ላይ ይቆማል፣ ቃሬዛ ይዞ ገደል የሚወርደው የአገሩ ሰው ነው።

በሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ እንደሚጠፋ አስቀድመው ይቁጠሩት። ከመውረድዎ በፊት ስልክ የሚይዝበትን የመጨረሻ አፋፍ በካርታዎ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ችግር ሲመጣ የሚመለሱበት ቦታ እርሱ ነው። ምልክቱ በጣም በደከመበት ቦታ ድምፅ ባያልፍም አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል፤ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰከንድ ነውና። ስለዚህ መልእክቱን አስቀድመው ጽፈው በስልኩ ውስጥ ያስቀምጡ፦ «ተጎድቻለሁ፣ መራመድ አልችልም፣ ያለሁት…» የሚለውን ጽፈው የቦታውን ስም ብቻ ክፍት ይተዉ። የታመመ ሰው በብርድና በድንጋጤ እየተንቀጠቀጠ ረጅም ነገር መጻፍ አይሆንለትም።

4. ብርሃንንና ኃይልን ይቁጠሩ

በእኛ አገር ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ጥላው ቀድሞ ይወርዳል። የስልክ መብራት ለቁልቁለት አይሆንም፤ አንድ እጅ ይይዛል፣ የካርታውንም ባትሪ ይበላል። በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይግዙ፤ ሁለቱ እጆችዎ ለዱላና ለዐለት ነፃ ይሆናሉ። ሲመርጡ የብርሃኑን ብዛት ከሚያወራው ጽሑፍ ይልቅ ሦስት ነገር ይመልከቱ፤ ዝቅተኛ ብርሃን እንዳለው፣ ማብሪያው በጓንት ወይም በቀዘቀዘ ጣት እንደሚሠራ፣ በተለመደ ትንሽ ድንጋይ መሥራቱን። ሻንጣ ውስጥ ተገፍቶ እንዳይበራ አንዱን ድንጋይ አዙረው ያስቀምጡት፤ ሲፈልጉት መልሰው ያስተካክሉታል። ትርፍ ድንጋይ መያዝ አይርሱ። ዕቃው ላይ «አይ.ፒ.67» የሚል ካዩ አቧራ አያስገባም፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ ክረምት ወንዝ ለሚሻገር ሰው ትርጉም ያለው ቁጥር ነው። የሌለው ዕቃ ድርብ ላስቲክ ይበቃዋል።

ፓወር ባንክ ሲገዙ ቁጥሩ አያታልልዎ። 10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ 5,000 የተጻፈበትን ስልክ ሁለት ጊዜ የሚሞላ ይመስላል፤ አይሞላም። ኃይሉ ከአንዱ ባትሪ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቮልቱ ስለሚቀየርና ከፊሉም ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን፣ አንድ ጊዜ ሙሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በከፊል ብቻ ይሞላል። ያልተጋነነ ዕቃ ሆኖ ሲገኝ እንዲህ ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ሆኖ 50,000 የሚል ከተጻፈበትና መጠኑ የእጅ መዳፍ የማይሞላ ከሆነ ቁጥሩን አይመኑት። ኬብል ሁለት ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው እያለ የሚከዳው ኬብሉ ነው። ጮቄ ላይ የሚያድር ሰው ስልኩንና ፓወር ባንኩን ሌሊት ልብሱ ውስጥ ይዞ ይተኛ፤ ብርድ ባትሪን ያደክማልና። ትንሽ የሶላር ቻርጀር በጋ ላይ ለሳምንት ጉዞ ይጠቅማል፤ በክረምት ደመና ግን ተስፋ አይጣልበትም፣ ከስንቁም ላይ አይቆጠርም።

5. ከእያንዳንዱ ኋላ ኃይል የማይፈልግ ምትክ ያስቀምጡ

ለካርታው ምትክ የሚሆነው ኮምፓስና በእጅ የተሳለ ንድፍ ነው። ኮምፓስ በፈሳሽ የተሞላውን ይምረጡ፤ መርፌው ቶሎ ይረጋል። ሲያዩበት ከስልክ፣ ማግኔት ካለው የስልክ ሽፋንና ከቢላ ያርቁት። በጎጃም የማግኔት ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ነው፤ የ3 ዲግሪ ስህተት በ1 ኪሎ ሜትር 50 ሜትር ያህል ስለሆነ ለአጭር መንገድ ሳያርሙት ቢጓዙ አይጎዱም። ንድፉ ላይ የወንዙን አወራረድ፣ መንደሮቹንና አብያተ ክርስቲያናቱን ያስቀምጡ፤ በዚህ አገር ከሩቅ የሚታየው የዛፍ ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደን ስለሆነ ከማንኛውም ምልክት የተሻለ መሪ ነው።

ፀሐይንም ይጠቀሙ፣ ነገር ግን የእኛን ሰማይ ሕግ አውቀው። ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ «በቀትር ፀሐይ በደቡብ ነች» የሚል መመሪያ እዚህ በዓመት ለአራት ወር ያህል ያሳስታል። ቢቸናና ሞጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ጥላዎም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀረው ጊዜ ጥላው ወደ ሰሜን ነው። ጥላ ከሁሉ የሚያጥርበት ሰዓትም ልክ 6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ከጎጃም በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነውና። ሌሊት ደግሞ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የምትታየው በ10 ወይም 11 ዲግሪ ከፍታ ብቻ ነው። ክንድዎን ወደፊት ዘርግተው ጡጫዎን ቢጨብጡ፣ የጡጫው ስፋት ይህንኑ ያህላል። ጡጫዎን ከሜዳው አድማስ ላይ ሲያስቀምጡ ኮከቧ ከላዩ ላይ ትታያለች ማለት ነው። ሸለቆ ውስጥ ግን በሰሜን ያለው ተረተር ከጡጫዎ ከበለጠ ኮከቧን አይፈልጓት፤ አትታይም።

ለድምፅዎ ምትክ ፊሽካ ይያዙ። ጩኸት ጉሮሮን ቶሎ ይዘጋል፤ ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለ ይሰማል። የተራራ አዳኞች ልማድ በ1 ደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ማረፍ ነው። ነገር ግን ይህን ቋንቋ ቆላ ያለ ገበሬ ላያውቀው ይችላል፤ እርሱ የሚያውቀው «ኡ ኡ» ነው፤ ኡኡታ የሰማ ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ አቅም ካለዎት በአገሩ ቋንቋ ይጩኹ፤ ድምፅዎ ሲደክም በፊሽካው ይቀጥሉ፤ ለሚጠብቅዎት ሰውም የፊሽካውን ትርጉም አስቀድመው ይንገሩት።

6. ካርታው የማያውቀውን ሰው ይጠይቁ

ከሞጣ ወደ ጎንደር ወገን በሚያሻግረው የዓባይ ማለፊያ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ፣ ሰው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠገነ፤ በ2005 የወንዙ ሙላት ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ ሌላ ድልድይ ተሠራለት። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተሳለ ካርታ ሁሉ በተሳለበት ቀን እውነት ነበር፤ በማግስቱ ግን ውሸት ሊሆን ይችል ነበር። ስልክዎ ላይ ያለው ካርታም እንዲሁ ነው። መስመር ማሳየቱ መንገዱ ዛሬ ያስኬዳል ማለቱ አይደለም፤ ጅረቱን በሰማያዊ ክር ማሳየቱም ሐምሌ ላይ ይሻገሩታል ማለቱ አይደለም። መልከዐ ምድሩን ከካርታ ይወቁ፤ የሳምንቱን ሁኔታ ግን ከአገሩ ሰው ይጠይቁ፤ ወንዙ ሞልቷል ወይ፣ ድልድዩ ቆሟል ወይ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ዛሬ ከሁሉ ይቀድማል። ግጭት ያለበትን መንገድ የሚያስተካክል መሣሪያ የለም፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ያዘግዩ።

እዚህ ላይ በተቃራኒው የሚቀርብ ክርክር አለ፤ «የአገሩ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ዕድሜ ልኩን ሲወጣና ሲወርድ ይኖር የለም ወይ?» ይኖራል፤ ዕውቀቱም ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ግን ያ ዕውቀት የተሠራው ራሱ በሚያውቀው መንገድ ላይ ነው፤ የእርሱ ብርቱ መከታም ሲዘገይ ቀድሞ የሚያውቅለት ቤተሰብና ጎረቤት መኖሩ ነው። እንግዳው ሁለቱም የሉትም። መሣሪያው የሚሞላው ይህን ጉድለት ነው። የጮቄ ጉም ሲወርድ ደግሞ የአገሩም ሰው ቢሆን ቁሞ መጠበቅን ይመርጣል፤ እርስዎም ቦታዎን የሚያሳይ ካርታ ይዘውም ቢሆን ከእርሱ መጠበቅን ይማሩ።

7. ሳተላይት ይያዝ ወይስ አይያዝ?

«ቶሚን ያዳነው የሳተላይት መሣሪያ ከሆነ፣ እኛስ ለምን አንይዘውም?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። በባሕር ላይ ከዚህ የተሻለ የለም። በ406 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ ሲነካ ኮስፓስ-ሳርሳት ለሚባለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት መረብ ይናገራል፤ ይህ መረብ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሰው ሲያድን ኖሯል። ነገር ግን መሣሪያው የሚያደርሰው ቃሉን ብቻ ነው፤ ቃሉን ሰምቶ የሚነሣ ሄሊኮፕተር ወይም መርከብ ከሌለ ግማሽ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል፤ የእጅ መነጋገሪያ ሬዲዮም ፈቃድ ይፈልጋል። ዳያስፖራ ዘመድ ከውጭ በስጦታ ይዞት ቢመጣ እንኳ ከጉምሩክና ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳይጠይቁ አይጠቀሙበት። ፈቃድ ያለው ድርጅት ካሠማራዎት ይያዙት፤ ለሌላው መንገደኛ ግን ያንኑ ሥራ በከፊልም ቢሆን የሚሠራ ሌላ ዘዴ አለ፤ እርሱም የሚቀጥለው እርምጃ ነው።

8. ቃል የሚጠብቅ ሰው ይተዉ

ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የሚበልጠው የደኅንነት መሣሪያ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው። ባትሪ አያልቅበትም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ እርስዎ ራስዎን ስተው ቢወድቁም ሥራውን ይሠራል። ይህን የሚተካ ኤሌክትሮኒክስ የለም፤ ሌላው ሁሉ እርስዎ እንዲነኩት ይፈልጋልና። ከመነሣትዎ በፊት አንድ አስተዋይ ሰው ይምረጡና በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ በየት በኩል እንደሚወርዱ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ምን ዓይነት ቀለም ልብስ እንደለበሱ፣ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚደውሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ለዚህ ሰው ደውል» የሚል ግልጽ ትእዛዝ ይኑርበት። ሰዓቱ ካልተቆረጠ ሰው «ኔትወርክ አጥቶ ይሆናል» እያለ ሌሊቱን ያሳልፋል። የመንገድ ሐሳብዎን ከለወጡም፣ ከመለወጥዎ በፊት ኔትወርክ ካለበት አፋፍ ላይ ያሳውቁት።

9. ቤት ሳሉ ይፈትኑ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። አዲስ ዕቃ ገዝተው በማግስቱ አይውረዱ። አንድ ምሽት ቤትዎ መብራቱን አጥፍተው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ባትሪውን ከሻንጣው አውጥተው ድንጋዩን አስተካክለው ያብሩ። ስማርት ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርገው ከቢቸና ወይም ከሞጣ ዳር እስከሚያውቁት ቦታ ሄደው ይመለሱ፤ ካርታው በእርግጥ መጫኑን የሚያውቁት ያኔ ብቻ ነው። ፓወር ባንኩ ስልክዎን ስንት ጊዜ እንደሚሞላ ቆጥረው ጀርባው ላይ ይጻፉ። በዚህ ፈተና የሚከዳ ዕቃ ካለ ከዚያው ይቅር። ገንዘብ የሚያጥርዎ ከሆነ ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ይግዙ፤ መጀመሪያ የግንባር ባትሪና ትርፍ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ፊሽካ፣ ቀጥሎ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ከዚያ ኮምፓስ፣ በመጨረሻ ፓወር ባንክ። ካርታው በያዙት ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል፤ ቃል የሚጠብቀው ሰውም ዋጋ አይጠይቅም።

10. «ገብቻለሁ» ይበሉ

የመጨረሻው እርምጃ የሚፈጸመው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው። ደክመው ገብተው፣ እግርዎን ታጥበው፣ ቡናው እስኪፈላ ጋደም ሳይሉ በፊት ያን ትንሽ ስልክ ከላስቲኩ አውጥተው ይደውሉ። ይህ ጥሪ የትሕትና ብቻ አይደለም። ሳይደውሉ ቢተኙ፣ የተቆረጠው ሰዓት ሲደርስ ችቦና ባትሪ ይዘው ለእርስዎ ሲሉ በሌሊት ገደል የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ቢሰበር የመሣሪያው ሁሉ ዓላማ ይገለበጣል። በሚቀጥለው ጉዞም ቃልዎን ያልጠበቁለት ሰው እንደዚያ አይጨነቅም። ስለዚህ ብቻዎን ቢጓዙም ጉዞው የሚዘጋው በሁለት ሰው ነው፤ እርስዎ «ገብቻለሁ» ሲሉ፣ እዚያ ማዶ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ወረቀቱን አጣጥፎ ሲያስቀምጥ።